ወደ ዓለም የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ እንዴት ይኬዳል? ለተማሪ ስፖርተኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ተማሪ ስፖርተኛ «ሰዓቴ ጥሩ ነው፣ መመረጤ አይቀርም» ብሎ ቁጭ ይላል። ሰዓቱ እውነትም ጥሩ ሊሆን ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ግን ሰዓት የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የሚታየው ወረቀት ነው። ስንት ዓመትህ ነው? የት ነው የምትማረው? ዘንድሮ ተመዝግበሃል? የየት አገር ዜጋ ነህ? የላከህ ማን ነው? ከነዚህ በአንዱ ላይ ጥያቄ ከተነሳ የቀረው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ እዚህ ስለ ልምምድ ብዙ አላወራም። ልምምዱን አሰልጣኛችሁ ያውቀዋል። የማወራው ማንም ቁጭ አድርጎ ስለማያስረዳችሁ ክፍል ነው፤ ከመጀመሪያው ፎርም እስከ መነሻው መስመር ያለው ጣጣ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፎርሞቹም የሚሞሉት በዚያው ስለሆነ ከአሁኑ ልመዱት።

1. መጀመሪያ ውድድሩን ለዩ

«የዩኒቨርሲቲዎች የዓለም ሻምፒዮና» ሲባል ብዙ ሰው አንድ ውድድር ብቻ ያለ ይመስለዋል። የለም፣ በርከት ያሉ ናቸው። አገባባቸውም ይለያያል።

ትልቁ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ነው። የሚመራው ፊሱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ፌዴሬሽን ነው። ፊሱ የተመሠረተው በ1949 ሲሆን ዋና ጽሕፈት ቤቱ በስዊዘርላንድ ሎዛን ይገኛል። የመጀመሪያው ጨዋታ በ1959 ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ ተካሄደ። በዓመቱ ደግሞ የበረዶ ስፖርቶቹ በፈረንሳይ ሻሞኒ ተጀመሩ። ያኔ ስሙ ዩኒቨርሲያድ ነበር። የቆዩ አሰልጣኞች አሁንም ዩኒቨርሲያድ ነው የሚሉት፣ ግር እንዳይላችሁ።

ጨዋታው በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ላይ ይካሄዳል። በ2025 የጀርመኑ ራይን ሩር አካባቢ አዘጋጅቷል። የ2027 ተረኛ የደቡብ ኮሪያው ቹንግቾንግ ነው። የ2029ኙ ደግሞ ለአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ተሰጥቷል። አትሌቲክስ፣ ውሃ ዋና፣ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ጁዶ፣ ቴኳንዶ፣ ሜዳ ቴኒስ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ባድሜንተን፣ ጂምናስቲክና የመሳሰሉት 15 ስፖርቶች ቋሚ ናቸው። አዘጋጁ ከነዚህ ላይ ጥቂት ይጨምራል። ለምሳሌ ከራይን ሩር በፊት ያዘጋጀችው የቻይናዋ ቼንግዱ ጀልባ ቀዘፋ፣ ተኩስና ውሹ የተባለውን የቻይና ማርሻል አርት ጨምራ ነበር። ራይን ሩር ደግሞ ጀልባ ቀዘፋን፣ የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስንና ሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስን ጨመረ። እንግዲህ የእናንተ ስፖርት ተጨማሪ ከሚባሉት ውስጥ ከሆነ በአንዱ ጨዋታ ኖሮ በሚቀጥለው ላይኖር ይችላል። ዓመታት ከመልፋታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ሙሉ ቁጥር ባላቸው ዓመታት የየስፖርቱ የዓለም ዩኒቨርሲቲ ሻምፒዮናዎች አሉ። አገር አቋራጭ፣ ፉትሳል፣ እጅ ኳስ፣ ትሪያትሎን... እያንዳንዱ ለብቻው፣ በተለያየ ከተማና በተለያየ ወር ይካሄዳል። እንደ ትልቁ ጨዋታ ካሜራ አይበዛባቸውም። ግን ከታች ለሚጀምር ስፖርተኛ እኔ የምመክረው እነዚህን ነው። ቡድኑ ትንሽ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ቀለል ይላል፤ የሚገናኛችሁ ተፎካካሪ ደግሞ ያው ጠንካራው ነው።

ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ የዓለም ዋንጫ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት አለ። በጨዋታውም በሻምፒዮናውም አገር ነው የሚወዳደረው። በዓለም ዋንጫው ግን ዩኒቨርሲቲ ራሱ በቡድኑ ይገባል። የእግር ኳሱ የመጀመሪያ ውድድር በ2019 በቻይናዋ ጂንጂያንግ ተካሂዷል። እግር ኳስ ከ2019ኙ የጣሊያኗ ኔፕልስ ጨዋታ ወዲህ በትልቁ ጨዋታ ላይ የለም። አሁንም «በጨዋታው ላይ እንሰለፋለን» እያሉ የሚጠብቁ ተጫዋቾች አይጠፉም። መንገዱ ተቀይሯል፤ አሁን የሚኬደው በዩኒቨርሲቲያችሁ ቡድን በኩል ነው።

አህጉራዊ ውድድሮችም አሉ። ለምሳሌ በአውሮፓ ሙሉ ቁጥር ባላቸው ዓመታት የሚካሄደው የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ የ2024ቱ በሀንጋሪ ከተሞች በደብረጽንና በሚሽኮልጽ ነበር። እዚያም የሚገጥሙት ዩኒቨርሲቲዎች እንጂ አገሮች አይደሉም።

2. ራሳችሁን አጣሩ

ሌላ ሰው ከማጣራቱ በፊት ራሳችሁ አጣሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዕድሜ። በፊሱ ደንብ ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ታኅሣሥ 31 ላይ ከ18 እስከ 25 ዓመት መሆን አለባችሁ። የሚታየው የመክፈቻው ቀን ሳይሆን የዓመቱ መጨረሻ ነው። ለ2027ቱ ጨዋታ ስናሰላው ከጥር 1 ቀን 2002 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2009 ባለው ጊዜ የተወለደ ማለት ነው። በ2001 መጨረሻ ላይ የተወለደ ሰው በአንድ ቀንም ቢሆን አለፈው ማለት ነው። ልመና አይሠራም። የዕድሜ ጣሪያው ከፍ ብሎ የታየው ልዩ ምክንያት ሲኖር ነው። የ2021 የቼንግዱ ጨዋታ በኮቪድ ምክንያት እየተገፋ እስከ 2023 ሲዘልቅ ዕድሜያቸው ያለፈ ተማሪዎች ዕድላቸው እንዳያመልጥ ተብሎ ጣሪያው 27 ሆኖ ነበር። ያንን አይቶ «እስከ 27 ይቻላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ተማሪነት። ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ በሚሰጥና በአገሩ የትምህርት ባለሥልጣን በታወቀ ተቋም ሙሉ ጊዜ ተመዝግባችሁ እየተማራችሁ መሆን አለበት። ዊዝድሮው የሞላ፣ ወይም «ለዘንድሮ ልምምድ ላይ ላተኩር» ብሎ ምዝገባ የዘለለ ስፖርተኛ በራሱ ላይ በሩን ዘጋ ማለት ነው። የሚገርመው ይህን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። ለውድድሩ ሲሉ ትምህርት ያቆማሉ፣ ትምህርት በማቆማቸው ውድድሩ ይቀርባቸዋል። ከውድድሩ በፊት ባለው ዓመት የተመረቀ ግን ይፈቀድለታል። ስለዚህ የመመረቂያ ዓመታችሁን ከውድድሩ ዓመት ጎን ጻፉትና ተመልከቱት። ከዚያ በፊት ከተመረቃችሁ ያለው መንገድ ለሚቀጥለው ዲግሪ መመዝገብ ነው።

ዜግነት። የምትወክሉትን አገር ፓስፖርት መያዝ ግዴታ ነው። ውጭ አገር የምትማሩ ከሆነ የምትወዳደሩት ለምትማሩበት አገር ሳይሆን ለዜግነት አገራችሁ ነው። ይህ ለብዙዎች ጥሩ ዜና ነው። ከቤት ርቆ የሚማር ስፖርተኛ የአገሩን ማልያ የሚለብስበት ዕድል ይሰጠዋል። ችግሩ የአገሩ ፌዴሬሽን መኖሩን ላያውቅ መቻሉ ነው። ስለዚህ እነሱ እስኪያገኟችሁ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ጻፉላቸው።

3. ትክክለኛውን ፌዴሬሽን ፈልጉ

ፊሱ ከግለሰብ ምዝገባ አይቀበልም። ከዩኒቨርሲቲም በቀጥታ አይቀበልም። በእያንዳንዱ አገር የሚያውቀው አንድ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ፌዴሬሽን ብቻ ነው፣ ስማችሁን መላክ የሚችለውም እሱ ነው። የአትሌቲክስ ወይም የዋና ፌዴሬሽን ሌላ አካል ነው። ሁለቱ ይተባበራሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ግን አይሠራም። ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ስላላችሁ ብቻ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ፌዴሬሽኑ ያውቀናል ብላችሁ አትዘናጉ።

የአገራችሁን አባል ፌዴሬሽን በፊሱ ድረ ገጽ ላይ በአባላት ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከዚያ አጭር መልእክት ላኩ። አጭር ስል በእውነት አጭር። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ስንተኛ ዓመት፣ ስፖርት፣ የቅርብ ጊዜ ውጤት ከቀኑና ከቦታው ጋር። የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም። ቀጥላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለየትኛው ውድድር ቡድን ለመላክ አስባችኋል? ምርጫው በምን ይካሄዳል? ወጪውን ማን ይሸፍናል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ወሳኝ ነው። አገራችሁ በእናንተ ስፖርት ቡድን የመላክ ሐሳብ ከሌለው ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ያንን ከዓመት አስቀድሞ ማወቅና ከሁለት ወር በፊት ማወቅ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ከሌሎች ስፖርተኞች ጋር ሆናችሁ ፌዴሬሽኑን ማሳመን ትችላላችሁ። በዩኒቨርሲቲያችሁ ያለው የስፖርት ክፍልም ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ ይረዳል።

4. ምርጫውና ሦስቱ ምዝገባዎች

ምርጫው እንደየአገሩ ነው። አንዳንዱ የአገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና አሸናፊዎችን ይወስዳል። ሌላው ሚኒማ (ቢያንስ መሟላት ያለበት ሰዓት ወይም ውጤት) ያወጣና ያንን ያሟላውን ይጠራል። ኮሚቴ ተሰብስቦ የሚመርጥበትም አለ። የምርጫውን መስፈርት በጽሑፍ አግኙ። በቃል የተነገረ መስፈርት ሲመቸው ይቀየራል።

ደረጃውን ዝቅ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ፒዬትሮ ሜኔያ የሚባል የጣሊያን ተማሪ በ1979 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በተካሄደው ዩኒቨርሲያድ 200 ሜትርን በ19.72 ሮጠ። የዓለም ሪከርድ ነበር። ማይክል ጆንሰን እስከሚሰብረው እስከ 1996 ድረስ 17 ዓመት ገደማ ቆይቷል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች መሆኗ ረድቶታል፣ ግን አየሩ ብቻውን አይሮጥም።

ስሌትም ይጠቅማል። በአትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያስገባው ሁለት ሰው ነው። በ5,000 ሜትር ከአገራችሁ ተማሪዎች ሦስተኛ ከሆናችሁ በዚያ ርቀት ቦታ የላችሁም። ግማሽ ማራቶንና የእርምጃ ውድድር ግን ከግለሰብ ሜዳልያ ሌላ የቡድን ውጤት አላቸው። የሦስቱ ምርጥ ሰዓት ይደመራል። ስለዚህ እዚያ ፌዴሬሽኑ ተጨማሪ ሰው ይፈልጋል። በትራክ ላይ ሦስተኛና አራተኛ የሆነ ረጅም ርቀት ሯጭ ዓይኑን ወደ ግማሽ ማራቶን ቢጥል አያፍርም። ይህን ቀድሞ ያሰበ አሰልጣኝ ጥቂት ነው።

ከተመረጣችሁ በኋላ ፌዴሬሽኑ ለአዘጋጁ በሦስት ዙር ይመዘግባል። መጀመሪያ «በእነዚህ ስፖርቶች እንመጣለን» ይላል። ቀጥሎ ቁጥር ይልካል፦ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት አሰልጣኝ። መጨረሻ ላይ የየሰዉ ስም ከነዶክመንቱ ይገባል። ዙሮቹ መካከል ወራት አሉ። የእናንተ ስም የሚላከው በሦስተኛው ዙር ቢሆንም ቦታችሁ የሚያዘው በሁለተኛው ነው። በቁጥሩ ውስጥ ያልተቆጠረ ሰው ቆይቶ ሪከርድ ቢሰብር ለማስገባት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ፌዴሬሽኑን «ስሜን መቼ ትልካላችሁ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ቁጥሩን መቼ ትልካላችሁ?» በሉ።

5. ዶክመንት፦ እዚህ ላይ ቀስ በሉ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል። ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ዋናው ወረቀት የተማሪነት ማረጋገጫው ነው። ለውድድሩ የተዘጋጀ ፎርም አለው። ዩኒቨርሲቲው ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ይሰጣችኋል። የተማሪ መታወቂያ አይተካውም። ውጤት ማሳያም አይተካውም። ፎርሙን ሬጂስትራር ስትወስዱት ጸሐፊዋ አይታው የማታውቅ ወረቀት ሊሆን ይችላል። «ይህ የእኛ ፎርም አይደለም፣ በእኛ ሌተርሄድ እንጽፍልሃለን» ልትል ትችላለች። ደብዳቤውን በምስጋና ተቀበሉ፣ ፎርሙንም ግን አስሞሉ። የፌዴሬሽኑን የጥሪ ደብዳቤ አብራችሁ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክርክሩ ያጥራል።

ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንብቡት። ፓስፖርታችሁን ከጎኑ ዘርጉና ፊደል በፊደል አስተያዩ። ስም በሌላ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ ድርብ ፊደል ይገባል፣ ሌላው ጋ ነጠላ ይሆናል። ፓስፖርት ላይ ሦስት ስም አለ፣ ፎርሙ ላይ ሁለት ብቻ። ወይም የአባት ስም በመጀመሪያው ሳጥን፣ የራስ ስም በሁለተኛው ተገልብጦ ተጽፏል። የልደት ቀኑ ላይ ወሩና ቀኑ ቦታ ተቀያይረዋል። 03/07 ለአንዱ መጋቢት ነው፣ ለሌላው ሐምሌ። እነዚህ ሁሉ በጸሐፊዋ መስኮት ላይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ናቸው። አዘጋጁ አገር ላይ፣ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዩኒቨርሲቲው በዕረፍት ላይ እያለ ሲገኙ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ምክንያቱም እዚያ ስትደርሱ እንደገና ትጣራላችሁ። ፊሱ የተወዳዳሪዎችን ብቁነት የሚመረምር የራሱ ኮሚሽን አለው። ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ያያል። ካላመነበት አያስገባም። የቡድን መሪያችሁ ይከራከራል፣ ግን ክርክር የሚያሸንፈው በወረቀት ነው።

ፓስፖርት ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ዛሬውኑ እዩ። ብዙ አገሮች ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ከተመዘገባችሁ በኋላ ፓስፖርት ከታደሰ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ፌዴሬሽኑ በሲስተሙ ላይ እንዲያስተካክል ወዲያው አሳውቁ።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ከሐኪም የጤና ማረጋገጫ፣ በተጠየቀው መጠን የተነሳ ፎቶ፣ የተፈረመ የተወዳዳሪ ስምምነት፣ የጉዞና የጤና ኢንሹራንስ፣ ቪዛ። ምሩቅ ከሆናችሁ የዲግሪው ኮፒ ይጨመራል። ሁሉንም ስካን አድርጉና ስልካችሁ ላይም፣ ኢሜላችሁ ላይም አስቀምጡ። ፋይሉን «ስካን 1» ብላችሁ አትሰይሙት። በስማችሁና በዶክመንቱ ዓይነት ሰይሙት። 80 ሰው የሚመዘግበው የፌዴሬሽኑ ሠራተኛ ይመርቃችኋል።

6. ወጪው

ነፃ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ልዑካኑ የራሱን ትራንስፖርት ይከፍላል። በተጨማሪም ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የሚታሰብ የተሳትፎ ክፍያ አለ፤ ማደሪያና ምግቡ በዚያ ይሸፈናል። በአንዳንድ አገሮች መንግሥት ሁሉንም ይችላል። በሌሎች ዩኒቨርሲቲውና ፌዴሬሽኑ ይካፈላሉ። ሀብታም በሚባሉ አገሮች እንኳ ስፖርተኛው ራሱ ትልቁን ድርሻ የሚከፍልበት ሁኔታ አለ።

ለዩኒቨርሲቲያችሁ የድጋፍ ጥያቄ ስታስገቡ የበጀት ዓመቱ ከመዝጋቱ በፊት ይሁን። ጥያቄው ላይ ጠቅላላ ድምር ብቻ አትጻፉ። ትኬት ይህን ያህል፣ የቀን ክፍያ ይህን ያህል፣ ኢንሹራንስ ይህን ያህል ብላችሁ ዘርዝሩ። አንድ ዲን ጠቅላላውን ቢከለክል እንኳ ትኬቱን ሊፈቅድ ይችላል።

7. ፈተናውና ልምምዱ አንድ ካላንደር ላይ ይቀመጡ

የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ብዙ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚውለው። ራይን ሩር ከሐምሌ 16 እስከ 27 ነበር። ለአንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይህ ዕረፍት ነው፣ ለሌላው የማጠቃለያ ፈተና ሳምንት። የየስፖርቱ ሻምፒዮናዎች ግን በዓመቱ ውስጥ ተበትነው ስለሚገኙ መሃል ሴሚስተር ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።

ለመምህሮቻችሁ የምትነግሩት ሴሚስተሩ ሲጀመር ነው። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የሚመጣ ተማሪ፣ እውነት ቢይዝም፣ ሰበብ የሚፈልግ ይመስላል። የምትሄዱበትን ቀንና የምትመለሱበትን ቀን ጻፉ። የሚያመልጣችሁን ፈተና በስም ጥቀሱ። የምትፈልጉትን ራሳችሁ ሐሳብ አቅርቡ፤ ቀድሞ መፈተን፣ ወይም ተመልሶ መፈተን። መልሱን በጽሑፍ ያዙ። መምህሩ የፈቀደውን የትምህርት ክፍሉ ላያውቅ ይችላል።

በልምምድ በኩል አንድ ወጥመድ አለ። የተማሪ ስፖርተኛ ወቅት ረጅም ነው። የዩኒቨርሲቲ ማጣሪያ፣ የአገር ሻምፒዮና፣ የክለብ ውድድር፣ ከዚያ ዓለም አቀፉ። ብዙዎች ምርጫው ላይ ጫፍ ደርሰው ዋናው ሲመጣ ወርደው ይገኛሉ። ምርጫው ካለፈ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ቀለል አድርጎ እንደገና መገንባት ጊዜ ማባከን አይደለም። ያንን ጊዜ የፈተና ጥናት ላይ ብታውሉት ደግሞ ሁለቱንም ታተርፋላችሁ።

አየሩንም አትርሱ። ነሐሴ ላይ ደቡብ ኮሪያ ሞቃትና ወበቃማ ነው። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቡድኑ ያን ያህል ቀድሞ አይሄድም፣ ስለዚህ ቤት እያላችሁ በቀኑ ሞቃት ሰዓት ቀላል ልምምድ እየሠራችሁ አስለምዱት። የሰዓት ልዩነቱን ለመልመድ ደግሞ በግምት ለእያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያዙ።

8. ከመድኃኒትና ከሰፕሊመንት ተጠንቀቁ

የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ እዚህም ይሠራል። ተማሪ ነኝ ማለት አያድንም። ለጉንፋን የተዋጠ ኪኒን፣ ለአስም የሚነፋ መድኃኒት፣ ጂም ውስጥ ጓደኛ የሰጠው ዱቄት... ሁሉም የእናንተ ኃላፊነት ነው። በሐኪም የታዘዘ የተከለከለ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሕክምና ፈቃድ ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሰፕሊመንት ላይ የእኔ ምክር ቀላል ነው። አትውሰዱ። ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ነገር ውስጡ ሊገኝ ይችላል፣ ቅጣቱ ደግሞ የዱቄቱን ሻጭ አያገኘውም።

ለምርመራ ከተጠራችሁ አትደንግጡ። አንድ ሰው መጥቶ ያሳውቃችኋል፣ ከዚያ በኋላ ከዓይኑ አትጠፉም። ከቡድናችሁ አንድ ሰው አብሯችሁ መግባት ይችላል፤ ጥሩ ቋንቋ የሚችለውን ውሰዱ። የሽንት ናሙናው ቢያንስ 90 ሚሊሊትር መሆን አለበት። ከውድድር በኋላ ሰውነት ስለሚደርቅ ያን ያህል ለማግኘት ሰዓታት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ውሃ በላይ በላይ መጠጣት መፍትሔ ይመስላል፣ ግን ናሙናው ከቀጠነ ሌላ ስጡ ትባላላችሁ። የታሸጉትን ጠርሙሶች ራሳችሁ ምረጡ። ናሙናው የሚከፈልባቸው ኤ እና ቢ ጠርሙሶች ላይ ያለው ቁጥር ፎርሙ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ሳታዩ አትፈርሙ። ባለፉት ቀናት የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ቫይታሚንም ቢሆን፣ አስመዝግቡ።

9. እዚያ ስትደርሱ

ማደሪያው እንደየአዘጋጁ ነው። ሁሌ የስፖርተኞች መንደር አይኖርም። በ2019 ኔፕልስ ወደብ ላይ በቆሙ የመዝናኛ መርከቦች ውስጥ ነበር የተኛው ብዙው ስፖርተኛ። ራይን ሩር ደግሞ በአንድ ከተማ አልነበረም፤ ቦኹም፣ ዱይስቡርግ፣ ኤሰን፣ ሙልሃይም፣ ሃገን፣ አልፎም የውሃ ዋናው ውድድር በርሊን ላይ ነበር። ስለዚህ ከማደሪያ እስከ ሜዳ ያለውን መንገድ በመጀመሪያው ቀን በአውቶቡሱ ሂዱና ለኩ። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑ።

ባጃችሁ ከአንገት አይወርድ። ያለ ባጅ ምግብ ቤት አትገቡም፣ አውቶቡስ አትሳፈሩም፣ መወዳደሪያው ጋ አትደርሱም።

ከመወዳደሪያው ቀን በፊት የቴክኒክ ስብሰባ አለ። የሚገባው አሰልጣኝ ወይም ቡድን መሪ ነው። ዕጣ የሚወጣው፣ የማልያ ቀለም የሚወሰነው፣ የሰዓት ለውጥ የሚነገረው እዚያ ነው። አሰልጣኛችሁ ሲወጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በስንት ሰዓት ጥሪ ክፍል (ተወዳዳሪዎች ከመወዳደራቸው በፊት የሚሰበሰቡበት ክፍል) እገባለሁ? ስንተኛ ምድብ ነኝ? የሚያልፈው ስንት ሰው ነው?

ጥሪ ክፍሉ ጀማሪ የሚረበሽበት ቦታ ነው። ቁጥርህ ይታያል፣ ባጅህ ይታያል፣ የጫማህ ስፓይክ (ከሥሩ ያለው ሹል) ይታያል፣ ቦርሳህ ይፈተሻል። ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ይዞ መግባት አይቻልም። ጫማው የተፈቀደ መሆኑን ከቤት ሳትነሱ ከዓለም አትሌቲክስ ዝርዝር ላይ አረጋግጡ። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ በሩ ይዘጋል፤ ለዚህም ነው አውቶቡሱን ለኩ ያልኳችሁ። ማሟሟቂያውን ጥሪ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። ውስጥ ገብታችሁ ለረጅም ደቂቃ ቁጭ ልትሉ ስለምትችሉ ላባችሁ እንዳይቀዘቅዝ የሚለበስ ነገር ያዙ።

በቡድን ስፖርት አንድ መልካም ነገር አለ። ከምድብ ካላለፋችሁም ጨዋታ አያልቅም። የደረጃ ጨዋታዎች ይቀጥላሉ። ዘጠነኛና አሥረኛ ለመለየት የሚደረገው ጨዋታ ላይ ተጠባባቂዎች ብዙ ደቂቃ ያገኛሉ። ለአሰልጣኙ ሻንጣ ማሰሪያ ቀን አይሁንበት።

10. ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ካልሄዳችሁም

ኦፊሴላዊ የውጤት ወረቀቱንና የተሳትፎ ማረጋገጫውን ሳትይዙ አትመለሱ። በተመለሳችሁ ሳምንት ኮፒውን ለትምህርት ክፍሉ፣ ለስፖርት ክፍሉና ለሬጂስትራር አስገቡ። ተላልፎ የነበረውን ፈተና ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። ድጋፍ ለሰጣችሁ ሰው ደረሰኞቹን አስረክቡ። ይህን ያደረገ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቅ ፊት አይነሳም።

ካልተመረጣችሁ ዕድሜያችሁን እንደገና አስሉ። ሁለት ዓመት ጨምራችሁ ከ25 ካላለፋችሁ ቀጣዩ ጨዋታ አለ። በመሃል የሚመጣው ሙሉ ቁጥር ዓመት ደግሞ የስፖርታችሁን ሻምፒዮና ይዞ ይመጣል። የዳኝነት ፍላጎት ያላችሁ የአገራችሁን ፌዴሬሽን የዳኝነት ኮርስ ጠይቁ። ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ፊሱ ከ2011 የሼንዘን ዩኒቨርሲያድ ጀምሮ የወጣት ዘጋቢዎች ፕሮግራም አለው፤ ማመልከቻው የሚወጣው ከጨዋታው ወራት ቀድሞ ስለሆነ ድረ ገጹን ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምራችሁ ተከታተሉ። የሥራ ናሙና ሊጠይቁ ስለሚችሉ በዩኒቨርሲቲያችሁ ውድድሮች ላይ የሠራችኋቸውን ዘገባዎችና ቪዲዮዎች ከአሁኑ ሰብስቡ።